አሥር ከሩብ

ያለፈው ዓርብ ነው፤ አሽዶድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ወደቡ በመስኮት በግማሽ የሚታይ።
ክረምት ነው፤ ፀሐይዋ በጊዜ ስትሄድ
ሰንበት አሥር ከሩብ አትቀርም ከመንገድ።

«ገና ሰዓት አለ» ብዬ ነካሁት፣
ስድሳ ሦስት ጥቅል እንዲያድስ አዘዝኩት።
ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ከተዘጋ ቢሮ
በመቶ ሃምሳ ሼቄል የገዛሁት ድሮ፤
ጥቅል የሚያመጣው፣ የሚጭነው ፕሮግራም፣
እንደ ሰፈር ሽማግሌ ቸኩሎ አያውቅም።
አንዱን ይጠራና እስኪመጣ ይቆማል፤
መጣ ሲሉት ደግሞ ሌላው ትዝ ይለዋል።
«እሱ ያለ እሷ አይሆንም፣ እሷም ያለ እነሱ፣
እነሱም ያላጎታቸው…» የሰርግ ጥሪ ነው ራሱ!
ስድሳ ሦስት ጥቅል፣ ስድሳ ሦስት ዘመድ፣
ባንዲት ጠባብ በር ላይ በተራ ሲራመድ።

አርባኛው ላይ ሳለ ጥሩንባው ተነፋ።
ሰንበት ገባች። ከእንግዲህ ማን ይንካ፣ ማን ያጥፋ?
ሌሊቱን በሙሉ ማራገቢያው ጮኸ፣
ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ ንብ።
ዝማም ትራሷን ከጆሮዋ ጭና
«ይሄ ዕቃህ» አለች፣ «ሰንበት አያውቅምና
እኔም አላውቀውም፤ እሑድ ይውጣ ከቤት!»
ዝም አልኩ። በሰንበት ክርክር ምን ይሉት።

ይገርማል፤ የእኔም እንጀራ ከጥቅል ጋር ነው፣
ሌሊት በፖስታ ቤት መጋዘን የምለየው፤
ይሄ ለነታንያ፣ ይሄኛው ለሎድ፣
ጫማ፣ የሕፃን ወተት፣ የስልክ ገመድ።
ቀበቶው ይሮጣል፤ ስድስት ሰዎች ሆነን
ስድስታችን በአንዴ እናነሣዋለን።
አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እጁን አጣጥፎ
ቢጠብቅ፣ ያድር ነበር ጥቅሉ ተትረፍርፎ።
ታዲያ እቤቴ ስገባ ምን አዚም ይዞኝ ነው
አንድ እጅ ብቻ ያለውን የምታገሠው?

ግሪሻ፣ ጎረቤቴ፣ ከታች ፎቅ የሚኖር፣
ኮምፒውተር ሲጠግን ከራሱ ጋር የሚከራከር፣
«አዲሱን ሞክረው» አለኝ ከደረጃው፤
«ስምንቱን በአንድ ጊዜ ነው የሚያመጣው።
ዝርዝሩንም ቢሆን ደጋግሞ አያነብም፣
አንዴ ያወቀውን ዳግም አይጠይቅም።»
በእሱ ዕብራይስጥ ሩስኛ፣ በእኔው አማርኛ
እያነከሰ ገባ፤ ግን ተግባባን እኛ።

አመነታሁ ግን። አሮጌው ስድስት ዓመት
አልዋሸኝም፤ አላጎደለም አንዲት።
የቸኮለች፣ ይላል ያገሬ ሰው፣ አፍስሳ
ለቀመች። ይሄስ ሁሉን አፍርሶ ቢነሣ?
መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ፈተንኳቸው። በዝማም የኩሽና ሰዓት፣
ያንኑ አንድ ጥቅል፣ በዚያው አንድ ሌሊት፦
አሮጌው፣ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት።
አዲሱ…
ቆጣሪውን ልጫን ስል
አልቋል።
ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

አሮጌውንስ? አለ። አልፋቅሁትም ከሆዱ።
መጋዘን ውስጥ ገላው የሚባል ሰው አለ፤
ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ
ይመጣና ከቀበቶው ዳር ወንበር ስቦ ይቀመጣል።
ምንም አይነካም።
አንድ ጥቅል ሲወድቅ ግን ቀድሞ የሚያይ እሱ ነው።

ዛሬም ዓርብ ነው። አሥር ሰዓት ከአምስት።
የአዲሱን ስም ጻፍኩ፣ አስገባሁ፣ ጠበቅሁት፤
ጠበቅሁት ማለቴ፣ ወንበሬን እስካስተካክል።
ሰባ አንድ ጥቅል፤ አለቀ ሳይል ሰበብ፣ ሳይል ምክንያት።
ማራገቢያው ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለበት።
ሰዓቱን አየሁ፤ ገና ስምንት ደቂቃ።
ስምንት ደቂቃ! ምን ይደረግበታል?
ፊቴን ታጠብኩ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣
በረንዳ ላይ ወጥቼ የወደቡን ክሬኖች
አንድ በአንድ ሲቆሙ ቆጠርኩ።
ዝማም ከበሩ ላይ፣ ሻማዋን እንደያዘች፣
ከላይ እስከ ታች አይታኝ ተጠራጠረች፦
«በጊዜ ወጥተሃል! ምነው፣ ምን አጠፋህ?»
«ኮምፒውተሩን» አልኳት።